የእናቴ ተራ

ሐሙስ፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፤ ሐይቅ

እማ ዛሬም ብቻዋን በላች። መሶቡ ሲቀርብ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በግራ እጇ "እናንተ ብሉ" የሚል ምልክት አሳየችን። እኛ በልተን ከተነሣን በኋላ በሳሕን ይዤላት ሄድኩና እንደ ሕፃን አጎረስኳት። ሦስት ጉርሻ ወስዳ አፏን ገጠመች።

ይህች ሴት ጎረቤት ሳትጠራ እህል የማትቀምስ ነበረች። አሁን ስትበላ ሰው እንዲያያት አትፈልግም። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ እንደተጣለ ውሎ ያድራል። በግራ እጅ ከሰው ጋር መሶብ መቅረብ ደግሞ በእሷ አስተዳደግ የማይታሰብ ነው።

ከታመመች ሁለት ወር ሊሞላት ነው። እሑድ መስከረም 12 ለሱብሒ ውዱእ ልታደርግ ተነሥታ ማንቆርቆሪያው ከእጇ ወደቀ። አነሣለሁ ብላ ጎንበስ ስትል ቀኝ እግሯ ከዳት። ስንደርስላት አፏ ወደ ግራ ተጣሟል፣ ቃል አልወጣት ብሏል። አንዱ "ምች ነው" አለ፤ ሌላው "ጥላ ነው፣ ትታሽ" አለ። በዚህ ክርክር ላይ መኪና ፍለጋው ተጨምሮ ሁለት ሰዓት ሄደ። ያ ሁለት ሰዓት እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ደሴ ስንደርስ የደም ግፊቷ 200 በ110 ነበር። ግራ አንጎሏን ከሚመግቡት ደም ሥሮች አንዱ በረጋ ደም ተደፍኗል፣ ስትሮክ ነው አሉን። ግራው የአንጎል ክፍል የቀኙን እጅና እግር ያዛል፤ በአብዛኛው ሰው ዘንድ የንግግርም ቦታ እዚያው ነው። ስለዚህ ቀኟና ቃሏ ባንድ ጠዋት ሄዱ። አፍ ሲጣመም፣ እጅ ሲከዳ፣ ምላስ ሲተሳሰር ያያችሁ ሰዎች፣ በበሽታው ስም አትከራከሩ፤ ቶሎ መኪና ፈልጉ።

ቃሏ ሁሉ አልጠፋም። ፋቲሓን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትቀራለች። በልጅነቷ የያዘችውን መንዙማ ከነዜማው ትለዋለች። የእኔን ስም ግን ልትጠራ ስትሞክር ትታገል ትታገልና ዐይኗ እንባ ያቀራል። ዘመን ሙሉ በቃል የተያዘና በዜማ የሚወጣ ነገር፣ አስቦ ከሚነገረው ንግግር በተለየ መንገድ እንደሚመጣ ሐኪሙ ነግሮኛል። እሱን ካወቅሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አብሬያት አዜማለሁ።

በየቀኑ ወደ ዐሥር ሰዓት ግድም "ራ… ራ…" ትለኛለች። ራቷን ቶሎ አቀርብላታለሁ። ትገፋዋለች።

በሰፈራችን ሰባት ቤት ሆነን ቡና አብረን እንጠጣለን። በየሁለት ቀኑ አንዱ ቤት ይፈላል፤ ዙሩ በዐሥራ አራት ቀን ይመለሳል። እማ ከታመመች ወዲህ የእኛን ቤት ይዘሉታል። "አብሽሪ፣ አንቺ እናትሽን አስታሚ፣ እኛ አለን" አሉኝ። አላህ ይስጣቸው፤ ለእሷም በስኒ እያመጡ ያቀምሷታል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ለክትትል ደሴ ሄድን። ግፊቷ 150 በ90 ወርዷል። መድኃኒቱ አንድም ቀን እንዳይቋረጥ፣ ጨው እንዲቀነስ፣ ከበርበሬው ጋር የተደለዘውም ጨው እንዲታሰብ ተነገረን። ፊዚዮቴራፒስቱ በከዘራ ዐሥራ ሁለት እርምጃ አስኬዳት። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ስንወጣ "እጇስ? መብላቱስ? መልበሱስ?" ብዬ ጠየቅሁ። "ቤት አለማምዷት" ተባልኩ። ምኑን፣ እንዴት፣ ከየት ጀምሬ? ከኋላችን ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ስለነበር አላስጨነቅሁም። ግን እየከፋኝ ወጣሁ።

ከደሴ ወደ እኛ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሐይቁ ከመኪናው መስኮት ብቅ ሲል እማ በጤነኛ እጇ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችና ወደ ውሃው አመለከተች። የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ውሃው ላይ ጥላቸውን ጥለዋል። ልጅ ሆነን ዓሣ ልትገዛልን ይዛን ትወርድ የነበረው እዚያ ዳር ነው። "እንሄዳለን" አልኳት። መቼና እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ ነው ያልኩት።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ከውጫሌ እንግዳ መጣች። የጎረቤታችን የእትዬ የእህት ልጅ ናት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ተምራ ተመርቃለች። ስለ ሙያው ሰምቼ አላውቅም ነበርና ስሙን ስሰማ ከመሥሪያ ቤት ሥራ ጋር የተያያዘ መሰለኝ፤ እማ ደግሞ ተቀጥራ አታውቅም። ልጅቷ አረመችኝ። ነገሩ ሰው ቀኑን የሚሞላበትን ሁሉ ይይዛል አለችኝ፦ ፊት መታጠብ፣ ልብስ መልበስ፣ መስገድ፣ ጥጥ መፍተል፣ ልጅ ማጫወት፣ ለቅሶ መድረስ። ሕመም ከነዚህ የትኛውን እንደወሰደ ማወቅ፣ ከዚያም ሰውየውን በማለማመድ፣ ዕቃውንም ቤቱንም ለእሱ እንዲመች በማድረግ፣ የተወሰደውን ማስመለስ ነው ሥራው።

እጇን ትመረምራለች ብዬ ስጠብቅ እማ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

"እማማ፣ ሳይታመሙ፣ ጠዋት ሲነሡ መጀመሪያ ምን ይሠሩ ነበር?"

ልመልስላት አፌን ስከፍት በእጇ ከለከለችኝና ዝም ብላ ጠበቀች። እኔ እናቴን እንዲህ ዝም ብዬ ጠብቄያት አላውቅም። ሁልጊዜ የቃሏን ጫፍ ስሰማ ቀሪውን ራሴ እሞላዋለሁ። እማ ትንሽ ቆይታ በግራ እጇ ውሃ የማፍሰስ ምልክት አሳየች። ቀጥላ ወደ መስገጃ አጎዛዋ አመለከተች። ከዚያ ወደ መደርደሪያው፣ ወደ ጀበናው።

"ራ…" አለች።

"ራት?" አልኩ እኔ።

ፊቷ በቁጣ ቀላ። ልጅቷ ተነሥታ ጀበናውን አወረደችና ፊቷ አስቀመጠችላት። እማ ጀበናውን ነካች፤ ጣቷን ወደ ጎረቤት በር ቀሰረች፤ ወደ ቀጣዩ በር፣ ወደ ቀጣዩ፤ መጨረሻ ላይ ደረቷን መታች።

እትዬ በሩ ላይ ቆማ ስታይ ነበር። "ውይ በሞትኩት! ተራዬን ነው እኮ የምትለው!" አለች።

ሁለት ወር ሙሉ ተራዋን ስትጠይቀኝ ራት ሳቀርብላት ኖሬአለሁ። ልጅቷ የመጣችባት ውጫሌ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ አንድ፣ በጣልያንኛ ሌላ ሆኖ አገር ለጦርነት የተዳረገባት ናት። ከአምባሰል ሥር ያደግን ሁሉ ይህን ታሪክ በትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ እኔ ራሴ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። በገዛ ቤቴ ግን አንዲት ቃል አሳስቼ ሰማሁ።

ልጅቷ ደብተሯ ላይ ሦስት ነገር ጻፈች። ከሰው ጋር መብላት። ቡና ተራ። ሰው ዘንድ መሄድ። ሦስቱንም እማ ናት የመረጠቻቸው። "እጄ ይዳን" ብላ አልጠየቀችም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25

ልጅቷ ሦስት ቀን እትዬ ቤት አድራ በየቀኑ መጣች። ያሳየችኝን እንዳልረሳው እጽፋለሁ፤ በየቤቱ እንደኔ ግራ የገባው አስታማሚ ስላለም ጭምር ነው የምጽፈው።

ልብስ ሲለበስ የታመመው እጅ ቀድሞ ይገባል፤ ሲወለቅ ጤነኛው ቀድሞ ይወጣል። ይህችን ባለማወቄ ሁለት ወር ሙሉ ከቀሚስ ጋር ስንታገል ነበር። ዛሬ እማ አልጋ ላይ ተቀምጣ፣ እጅጌውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ በግራ እጇ ቀኙን እየመራች አስገባችው። ሩብ ሰዓት ፈጀባት። እኔ ባለብሳት ሁለት ደቂቃ ነው። እጄ ሊያግዛት ሲዘረጋ ልጅቷ "ተይ" አለችኝ። ዐሥር ጊዜ "ተይ" ብላኛለች ዛሬ።

የታመመውን ክንድ አትሳቡ። ጡንቻው ሲላላ ትከሻው ከቦታው ይንሸራተታል፤ በክንድ ወይም በብብት ይዞ ማንሣት ያሳምመዋል፣ ይጎዳዋል። ጎረቤቶቻችን በፍቅር እየተሻሙ በቀኝ ብብቷ ሲያነሷት ነው የከረሙት፤ ማታ ማታ የምታቃስተውም በዚሁ ነው። መያዝ ከወገብ ነው። ስትተኛም ክንዱ በትራስ ይደገፋል።

ሽንት ቤታችን መቀመጫ የሌለው ጉድጓድ ነው። ለእሷ ቁጢጥ ማለት አይታሰብም፤ እስካሁን በፖፖ ነበር፤ ያ ደግሞ ከሁሉ በላይ አንገቷን ያስደፋት ነገር ነው። ልጅቷ ለአናጢው ሥዕል ሥላ ሰጠችው። መካከሉ የተቦረቦረ፣ ሁለት መደገፊያ ያለው ወንበር ሠርቶ ጉድጓዱ ላይ አስቀመጠው። ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ ደግሞ በግራ እጇ በኩል የባሕር ዛፍ አጣና በቁመቷ ልክ አሰረልን። ስትመለስ ዞራ አጣናው በቀኟ እንዳይሆንባት ሌላ በወዲያ በኩል ተጨመረ። ዛሬ ማታ እማ አጣናውን ይዛ ሄደች። ከበሩ ቆሜ ጠበቅኋት። በሩን ከውስጥ ዘጋችው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3

የመብላቱ ነገር እስከ ዛሬ አልተፈታም ነበር። ልጅቷ ከመሄዷ በፊት የማንኪያውን እጀታ በአሮጌ የብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ጠቅልላ አወፍራው ነበር፤ የላላ ጣት ቀጭን ነገር ከሚይዝ ወፍራም ነገር መያዝ ይቀለዋል። እንጀራውንም በትንንሹ ጠቅልለን እንድናቀርብ፣ ከሳሕኗ ሥር እርጥብ ጨርቅ እንድናነጥፍ አሳይታናለች። እማ ብቻዋን ስትሆን በዚህ ሁሉ ትጠቀማለች። መሶብ ሲቀርብ ግን ፊቷ ወደ ግድግዳው ነው። ማንኪያ አላጣችም። ያሳፈራት ግራ እጇ ነው።

ይህን ለልጅቷ በስልክ ስነግራት "ይህ ከእኔ በላይ ነው፤ እማማ የሚሰሙት ሰው ማን ነው?" አለችኝ። የሰፈራችንን ሼህ አልኳት። ዛሬ ከዙሁር በኋላ መጡ። ሊጠይቋት እንደመጡ ሁሉ ቁጭ ብለው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው አወጉ። ምሳ ሲቀርብ እማ ፊቷን አዞረች። ያን ጊዜ "ዑዝር ላለበት ሰው ዲኑ ገር ነው" አሏት። "ቀኝሽን የያዘው አላህ ነው፤ ግራሽንም የሰጠሽ እሱ ነው። በቀኝሽ የምትችዪውን ሞክሪ፣ ያልቻልሽውን በግራሽ ብዪ፤ ቢስሚላህ በዪ።"

እማ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ "ቢስሚላህ" አለች። ቃሏ ጥርት ብሎ ነው የወጣው። ቀኝ ክንዷን ራሷ አንሥታ የመሶቡ ጠርዝ ላይ አሳረፈችው፤ በግራዋ በላች። ሼሁ ከእሷ ጋር ከአንድ መሶብ በሉ። እኔ ወጥ የማመጣ መስዬ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ልጅቷ ከእሷ በላይ የሆነውን አውቃ ወደሚመለከተው መራችን። ለእኔ ይህ ራሱ ከሕክምናው አንድ ክፍል ነው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 15

ልጅቷ በስልኬ የላከችልኝን ሳነብ አመሸሁ።

ሙያው አዲስ አይደለም፤ ለእኛ ነው አዲስ። በአሜሪካ ማኅበሩ የተቋቋመው በመጋቢት 1917 (እ.ኤ.አ.) ክሊፍተን ስፕሪንግስ በምትባል የኒውዮርክ ግዛት ትንሽ ከተማ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ጆርጅ ባርተን አርክቴክት ነበር፤ በሳንባ ነቀርሳ የተሠቃየ፣ በኋላም ግራ ጎኑ የሰለለበት ሰው። አትክልት እየኮተኮተና በእንጨት ሥራ እየተለማመደ ጎኑን አነቃቃና ቤቱን ለሌሎች ሕሙማን ከፈተው። በአገራችን ደግሞ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በ2017 (እ.ኤ.አ.) በጀመረው ትብብር የመጀመሪያውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ የዲግሪ ትምህርት ከፈተ። ተመራቂዎቹ ገና በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በዓለም ላይ ከ25 ዓመት በላይ ከሆኑ አራት ሰዎች አንዱ በዕድሜው ስትሮክ ያገኘዋል ይባላል። የሕሙማኑን ብዛት ከባለሙያዎቹ ማነስ ጋር ሳነጻጽር እኛ ምን ያህል ዕድለኞች እንደሆንን አየሁ፤ ባለሙያዋ የጎረቤት ዘመድ ባትሆን ኖሮ እማ ዛሬም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትበላ ነበር።

ባርተል የሚባል መለኪያ አለ። በ1965 (እ.ኤ.አ.) የወጣ፣ ዐሥር ነገር የሚጠይቅ ነው፦ መብላት፣ ገላ መታጠብ፣ ፊትና ጸጉር ማሰናዳት፣ መልበስ፣ ሰገራ መቆጣጠር፣ ሽንት መቆጣጠር፣ ሽንት ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መሸጋገር፣ መራመድ፣ ደረጃ መውጣት። ሙሉው 100 ነው። ልጅቷ ኅዳር ላይ ለእማ 35 ሰጥታት ነበር። ዛሬ በስልክ አብረን ስንቆጥር 60 ሆነ። እንዴት እንደኮራሁ!

ግን መለኪያውን ደግሜ ሳየው ቡና የለበትም። ለቅሶ የለበትም። የጎረቤት በር የለበትም። ሰው 100 አግኝቶም ቤቱ ውስጥ ብቻውን ሊቀር ይችላል። ልጅቷም ይህን ታውቃለች፤ ከቁጥሩ አስቀድማ እነዚያን ሦስት ነገሮች የጻፈችው ለዚህ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 6

መጥፎ ሳምንት። እማ አልነሣም አለች። ማንኪያውን ወረወረችው። ስታለቅስ ትውላለች፤ አንዳንዴ ያለ ምክንያት፣ አንዳንዴ ልጆቹ ሲስቁ። ጎረቤት "ተስፋ ቆረጠች፣ አታድክሚያት" ይለኛል። ልጅቷ ግን ይህም የሕመሙ አካል እንደሆነ፣ ስትሮክ ካገኛቸው ሰዎች ወደ ሲሶው በሚጠጋ ላይ የመንፈስ ጭንቀት እንደሚከተል፣ መድኃኒትም እንዳለው ነገረችኝ። ሐሙስ ደሴ እወስዳታለሁ።

የእኔንም ልጻፍ። ጠዋት ትምህርት ቤት ይረፍድብኛል፤ ሩብ ሰዓት መጠበቅ አልችልም። እኔው አለብሳታለሁ፣ እኔው አጎርሳታለሁ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ አደረግሁ። "እኔ ላድርግልሽ" ስላት እጇን ጥላ እንደ ዕቃ ትቀመጣለች። አስታማሚ ሁሉ ይህን ችኮላ ያውቀዋል። ከነገ ጀምሮ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እነሣለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ከላይኛው ሰፈር አንድ አባት ሞቱ። የቅሬ፣ የለቅሶ መረዳጃ ማኅበራችን፣ ጥሪ ከማለዳ ተሰማ። እማ ሰማች፤ ተነሥታ ነጠላዋን አነሣች።

"እማ፣ አንቺን ማን ይወቅስሻል? ሁሉም ያውቃል" አልኳት። ነጠላውን አልለቀቀችም። የቅሬ ሴቶችም መጥተው "አንቺ ተቀመጪ፣ ስለ አንቺ እኛ ደርሰናል" አሏት። ሁላችንም በቅንነት ነው። እሷ ግን ሠላሳ ዓመት ያልቀረችበት ነገር ነው። በወሎ ቅሬ ያልደረሰ ሰው በቁሙ እንደተለየ ይቆጠራል፤ እማን አንድም ሰው እንዲያ አይላትም፤ እሷ ግን ራሷን እንዲያ ትላለች።

ልጅቷ የላከችልኝ አንድ ጥናት ትዝ አለኝ። በእንግሊዝ አገር ስትሮክ ያገኛቸው 168 ሰዎች ላይ የተሠራ፣ በ2004 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ነው። ግማሾቹን ባለሙያ ቤታቸው እየሄደ ከቤት መውጣትን አለማመዳቸው፤ ለቀሩት ስለ ትራንስፖርት ምክርና ወረቀት ተሰጣቸው። ከአራት ወር በኋላ የፈለጉትን ያህል ከቤት የሚወጡት ከሠለጠኑት ወገን ይበልጥ በዙ። በኋላ በሰፋ ጥናት ውጤቱ ያን ያህል አልጎላም፤ ሆኖም የሠለጠኑት ሰዎች ጉዞ መብዛቱ ታይቷል። እኔ ዛሬ ከጥናቱ የወሰድኩት አንድ ነገር ነው። ወረቀት ብቻውን ሰው ከቤት አያስወጣም፤ አብሮ የሚሄድ ያስፈልጋል።

ሄድን። እኔ በቀኟ፣ ወገቧን ይዤ። ወንድሜ በርጩማ ተሸክሞ ከፊት። ሦስት ጊዜ አረፈች። መንገድ ላይ አንድ ጎልማሳ ሮጦ መጥቶ ቀኝ ክንዷን ሊይዝ ሲል "ክንዷን አትያዝ!" ብዬ ጮህኩ፤ ደነገጠ፤ አስረዳሁት፤ በርጩማውን ከወንድሜ ተቀብሎ ቀሪውን መንገድ እሱ ተሸከመ።

ባዶ እጇን አልሄደችም። እንጀራ መጋገር አትችልም። ትናንትናና ከትናንት ወዲያ ሰፌዱን በቀኝ ክንዷ ደግፋ፣ በግራ ጣቶቿ እየለቀመች ያጠራችው አንድ ኪሎ ቡና ነበር። ልጅቷ ለእጇ ልምምድ ብላ የሰጠቻት ሥራ ነው። በፌስታል ቋጥራ ቡና ለሚያፈሉት ሰጠች።

ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። ለቅሶ ቤት ቃል አይጠየቅም፤ መቀመጥ ይበቃል። እማ ከሁሉም ጋር ተቀመጠች፤ ከሁሉም ጋር አለቀሰች። ይህ ለቅሶ ከጥር ወሩ ለቅሶዋ የተለየ ነበር።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ረመዷን ተጋምሷል። ጾሙ ለእማ በሕመሟ ተነሥቶላታል፤ የጾሙን ምትክ፣ ፊድያዋን፣ እንሰጣለን። ማታ ማታ ለኢፍጣር ከእኛ ጋር መሶብ ትቀርባለች፤ አሁን ማንም እንደ ልዩ ነገር አያየውም።

እንዝርቷን ጠየቀች። ቀድሞ በቀኟ እያሾረች በግራዋ ባዘቶውን ትይዝ ነበር። አሁን ገልብጠነዋል፤ ቀኝ እጇ ባዘቶውን ለመያዝ ይጣጣራል፣ ግራዋ ያሾራል። ክሩ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይበጠሳል። ለሸማ አይሆንም። ግን ቀኝ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ጥጡን ይይዛሉ፤ ኅዳር ላይ አይዙም ነበር። ልጅቷ ስለ መደጋገም ስትነግረኝ፣ የተጎዳው የአንጎል ክፍል ያዝዝ የነበረውን ሥራ ሌላው ክፍል እንዲለምደው እጁ ያንኑ ነገር መቶ ጊዜ፣ ሺህ ጊዜ መሥራት አለበት አለችኝ። ላስቲክ ኳስ ጨብጪ ብትባል እማ ዐሥር ጊዜም አትጨብጥም። እንዝርት ይዛ ግን ከዐሱር እስከ መግሪብ ትውላለች።

ሰውነቷ በቀኝ በኩል ሙቀትና ቅዝቃዜ በደንብ አይለይም። ባለፈው ሳምንት መዳፏ ላይ ትኩስ ሻይ ፈሶ ሳታውቅ ቀረች፤ ትንሽ ተላጠ። ይህን እስካሁን ያላወቃችሁ አስታማሚዎች ካላችሁ ልብ በሉ፤ እሳትና የፈላ ውሃ ከታመመው ጎን ይራቅ።

እሑድ፣ መጋቢት 21፤ ዒድ

ከሶላት መልስ ቤቱ ሞላ። እትዬም ከነልጆቿ መጣች፤ እኛም በፋሲካዋ እንሄዳለን። እማ ለወንድሜ ልጅ ጉርሻ ሰጠችው። ጉርሻውን የያዘው ቀኝ እጇ ነው፤ ግራ እጇ ከሥሩ አንጓውን ደግፎ አፉ ድረስ አደረሰው። ግማሹ ሸሚዙ ላይ ወደቀ። ልጁ ሌላ ስጪኝ አላት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23

ትናንት እትዬ መጥታ "ነገ የማን ነው?" አለች፤ ሆን ብላ፣ ወደ እማ እያየች። እማ ደረቷን ነካች። እትዬ ዝም ብላ ጠበቀች፤ መጠበቁን እሷም ተምራዋለች። "ተ…ራ" አለች እማ። "ተራዬ።"

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ስትሰናዳ ዋለች። ቡናውን ራሷ ለቀመች፤ በግራ እጇ አጠበች። ቄጠማውን እኔ ጎዘጎዝኩ። ለመቁላት በርጩማዋን ወደ ምድጃው አስጠግተን፣ እሳቱ በግራዋ በኩል እንዲሆን አዞርንላት። መውቀጡን የእትዬ ልጅ ወቀጠች። ጀበናዋ ትልቋ አይደለችም፤ ትንሿ ናት፣ እሷም ግማሽ ድረስ ብቻ ነው የተሞላችው። ከረከቦቱ ሥር እርጥብ ጨርቅ አለ። ቀኝ ክንዷ የረከቦቱን ጠርዝ ተጭኖ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል፤ ግራዋ ይቀዳል።

ስድስት ሴቶች ተቀምጠን ዐየናት። ማንም አልተነሣም፤ ማንም "እኔ ልቅዳልሽ" አላለም። እንዴት እንደከበደን እኛ እናውቃለን። አንዱ ስኒ ተርፎ ፈሰሰ። ሁለተኛው ጎደለ። ሦስተኛው ልክ ሆነ። አቦሉን ለመቅዳት ከወትሮው ሦስት እጥፍ ጊዜ ፈጀባትና ቡናው ቀዝቀዝ አለ። ሁላችንም ጠጣነው። ቶናውን፣ በረካውን ቀዳች። ሼሁ ዱዓ አደረጉ፤ "አሚን" ከሚሉት ድምፆች መካከል የእሷን ለይቼ ሰማሁት።

እትዬ ስትወጣ ዙሩን በጣቷ ቆጠረች። ቀጣዩ የእኛ ቤት ተራ ማክሰኞ ሚያዝያ 7 ነው።